ይቀደድ፣ ግድ የለም፦ በቀበሌ ቤት ሰፈር ልጆችን ከመጽሐፍ ጋር ማወዳጀት

መጀመሪያ ስህተቴን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና ሁለት ጓደኞቼ ለሰፈራችን ልጆች ብለን መጽሐፍ ሰበሰብን። ሦስት ካርቶን ሞላ። ቁም ሳጥን ለምነን አገኘን፣ መጽሐፎቹን ደረደርን፣ ቆለፍን። ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር። ልጆቹ ሲመጡ እከፍታለሁ። «እጃችሁን ታጥባችኋል?» እላለሁ። «እንዳትቀድዱት!» እላለሁ። ሲሄዱ ቆጥሬ እቆልፋለሁ። በአራተኛው ወር መጽሐፎቹ ልክ እንደመጡ ነበሩ፤ አዲስ። ልጆቹ ግን ከሠላሳ ወደ አምስት ወርደዋል።

ቀጥሎ የምታነቡት ያንን ቁም ሳጥን ከከፈትነው በኋላ የተማርነው ነው። የምጽፈው አዲስ አበባ ውስጥ ላለ የቀበሌ ቤት ሰፈር ነው። አንድ ክፍል ቤት፣ የጋራ ሽንት ቤት፣ የጋራ ቧንቧ። አባት የቀን ሥራ፣ እናት ልብስ አጠባ ወይም ጉሊት። ሌላ ከተማ ያላችሁ እንደ ሰፈራችሁ ቀይሩት።

1. ከመጽሐፍ በፊት ቦታ ፈልጉ

በየሰፈሩ ቅዳሜ ከሰዓት ባዶውን የሚውል አንድ ቤት አለ፦ እድር ቤት። ጣሪያ አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው። ከሁሉ በላይ ደግሞ እናቶች ያምኑታል። ልጃቸውን ወደማያውቁት ሰው ግቢ የማይልኩ እናት፣ «እድር ቤት ነው» ሲባሉ ይለቃሉ። ልክም ናቸው።

ወደ እድሩ ሊቀመንበር ስትሄዱ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይዛችሁ አትጀምሩ። ከሰፈሩ የተከበሩ አንዲት እናት አስከትላችሁ ሂዱ፤ ወሬውን እሳቸው ይጀምሩላችሁ። የምትጠይቁት በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። የምትገቡት ቃል ደግሞ ሁለት ነው፦ ጠርገን እንወጣለን፣ ለቅሶ ሲኖር እንለቃለን። ለቅሶ ባለበት ቅዳሜ ንባቡ ዛፍ ሥር ይሁን፣ ወይም ይቅር። ለወረዳው በቃልም ቢሆን አሳውቁ፤ በኋላ «ማን ፈቀደላችሁ?» ከሚል ጥያቄ ያድናችኋል።

አግዳሚውን ወደ ግድግዳ ገፋ አድርጉና መሬት ላይ ሰሌን አንጥፉ። ልጅ በረድፍ ከተቀመጠ ክፍል ውስጥ የገባ ይመስለዋል፤ ክፍል ደግሞ በአብዛኛው የሚገረፍበትና የሚሳቅበት ቦታ ነው። ክብ ሠርታችሁ ተቀመጡ። በሩ ሁልጊዜ ወለል ብሎ ይከፈት። ከልጆች ጋር አንድ አዋቂ ብቻውን አይሁን፤ ቢያንስ ሁለት ሁኑ። ይህ ለድርድር አይቀርብም።

ቦታ ሲባል ትልቅ ነገር አታስቡ። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠራ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ አጣ። ቁጭቱ ወደ አገሩ መለሰው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት የከፈተው በሚኖርበት ቤት ነው። በኋላ ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ እያስጫነ ወደ ልጆች ላከ። በአህያ ጋሪ ከተቻለ በእድር ቤትማ እንዴት አይቻልም?

2. ሰዓቱን ከልጆቹ ኑሮ ጋር አስተካክሉ

እኛ መጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ብለን ለጠፍን። የመጡት ሁለት ናቸው። ቀላል ነገር ሳንጠይቅ ነው የቀረነው፦ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ምን ይሠራሉ? ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ጀሪካን ይዘው ወረፋ ላይ ናቸው። ሴቶቹ ልብስ ያጥባሉ። ወንዶቹ ሊስትሮ ይዘው ወይም ማስቲካና ሶፍት ይዘው ወጥተዋል። ሥራው ጋብ የሚለው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው።

ስለዚህ ሁለት ሦስት እናቶችን ቡና ላይ ጠይቁ። የውሃ ቀኑን እወቁ። ሰዓቱን አንዴ ከወሰናችሁ ግን ዝናብም ቢዘንብ፣ አንድ ልጅ ብቻም ቢመጣ፣ አትቅሩ። እነዚህ ልጆች «እንመጣለን» ብሎ የቀረ ሰው ብዙ አይተዋል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቅዳሜዎች እኛን ሊፈትኑን የመጡ ይመስለኝ ነበር።

የዘጠኝና የአሥር ዓመት ሴት ልጆች ለምን ይቀራሉ? ታናሻቸውን አዝለው ስለሚውሉ ነው። «ሕፃን ይዛችሁ አትምጡ» ካላችሁ እነሱን ዘጋችሁ ማለት ነው። ከነማዘያቸው ይምጡ። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ገጽ ይቀድዳል፣ አንዳንዴም ሰሌኑ ላይ ይሸናል። ይሁን።

3. በጆሮ ጀምሩ

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። መጽሐፉን ለልጁ ይሰጠዋል፣ «አንብብ» ይለዋል፣ ከዚያ ልጁ ለምን እንዳልወደደው ይገርመዋል። መጽሐፍ ባለበት ቤት ያደገ ልጅ ማንበብ ከመቻሉ በፊት ዓመታት ሙሉ ሲነበብለት ሰምቷል። ይኼኛው ልጅ ግን መጽሐፍን የሚያውቀው በፈተና ነው።

ይህ ማለት ግን ባዶ ጆሮ ይዞ ይመጣል ማለት አይደለም። ተረት ያውቃል። እንቆቅልሽ ያውቃል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መጽሐፍ አትክፈቱ። «ተረት ተረት» በሉ፤ «የላም በረት» ብለው ይመልሱላችኋል። አያ ጅቦና ጦጢት ይግቡ። አንድ ተረት እናንተ፣ አንድ ተረት እነሱ። መጨረሻ ላይ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ሲባል የሚስቀውን እዩት። እንቆቅልሹንም አትርሱ። «እንቆቅልህ!» «ምን አውቅልህ?» «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ያድራል፣ አይደክመውም።» ያላወቀ አገር ይሰጣል፤ ጎንደርን ሰጥቶ ሐረርን የሚቀበል ልጅ ካርታም እየተማረ ነው። (መልሱ ወንዝ ነው።)

በሦስተኛው ቅዳሜ ከተረቱ ቀጥላችሁ መጽሐፍ አውጡ፤ እንደ ሌላ ተረት። አነባበቡ እንዲህ ነው።

ቤት ውስጥ አስቀድማችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ሳይዘጋጁ ማንበብ ለአዋቂም ከባድ ነው፤ በተለይ አማርኛ መጥበቅና መላላት በጽሑፍ ስለማያሳይ። «ገና» በዓሉ ነው ወይስ ጊዜው? «ዋና» ውሃ ውስጥ ነው ወይስ ዋናው? «አለ» ተናገረ ነው ወይስ ይኖራል? ልጆቹ ፊት ብትሰናከሉ ችግር የለውም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ በገጽ ከተሰናከላችሁ ግን ታሪኩ ይሞታል።

መጽሐፉን ወደ እነሱ አዙራችሁ ያዙት፤ ሥዕሉን ማየት አለባቸው። ጣታችሁን ከምታነቡት መስመር ሥር አስኪዱ። ጅቡን በጅብ ድምፅ አንብቡ። ማፈር አያስፈልግም፤ ከሰሚዎቻችሁ ውስጥ ግማሹ ከእናንተ የተሻለ ጅብ መሆን ይችላል፣ በኋላ ቦታውን ይረከባችኋል። የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ብቻ ይሁን፦ «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» «ከታሪኩ ምን ተማራችሁ?» ግን አትበሉ። ይህን ጥያቄ ትምህርት ቤት ሰልችቷቸዋል፤ መልሱንም በቃላቸው ያውቁታል፦ «መዋሸት ጥሩ አይደለም።»

ረዘም ያለ ታሪክ ከሆነ ልብ የሚሰቅለው ቦታ ላይ አቁሙና መጽሐፉን እዚያው መሬት ላይ ተዉት። ማን አንስቶ እንደሚገልጠው እዩ። እኛ ጋ አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ፊደል በቅጡ ሳይለይ ሥዕሉን ብቻ እያየ የቀረውን ታሪክ ለሌሎቹ «አነበበላቸው»። አንድም ቃል አልገጠመም። ማንም አላረመውም፤ እኔም አፌን ይዤ ቆምኩ።

ያንኑ መጽሐፍ ድገሙልን ካሏችሁ ድገሙ። አሥራ አምስት ጊዜም ቢሆን። በቃል የያዙትን መጽሐፍ ነው መጀመሪያ በዓይናቸው የሚያነቡት።

4. መጽሐፍ ከየት?

ለአሥራ አምስት ልጅ ሠላሳ ጥሩ መጽሐፍ ይበቃል። መቶ መጥፎ መጽሐፍ ግን ሰውን ከመጽሐፍ ያጣላል። ስጦታ ሲመጣላችሁ ለመጣል ድፍረት ይኑራችሁ። አንድ ጊዜ ከውጭ አገር የመጣ ካርቶን ከፍተን በእንግሊዝኛ የተጻፈ የበረዶ መንሸራተቻ መመሪያ፣ የኮምፒውተር መማሪያና የግብር ሕግ አገኘን። ሰጪው ቤቱን አጽድቷል፤ እኛ ቆሻሻ ተረክበናል። እንዲህ ያለውን ለአሮጌ ዕቃ ገዢው «ቆራሌ» ሽጡትና በብሩ አንድ የአማርኛ ተረት ግዙ።

አሮጌ መጽሐፍ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ይገኛል። ለልጆች የሚሆነው ብዙ ጊዜ ከሥር ነው፤ ቁጭ ብላችሁ ፈልጉ። ሻጩን ተዋወቁት። «ለልጆች ነው» ካላችሁት በሚቀጥለው ጊዜ ለይቶ ያስቀምጥላችኋል።

በነጻ የሚገኝም አለ። አፍሪካን ስቶሪቡክና ስቶሪዊቨር የሚባሉት ድረ ገጾች በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሌሎችም ቋንቋዎች ሥዕላዊ የልጆች ታሪኮች አሏቸው፤ ማተምና ማባዛት ይፈቀዳል። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳችሁ በጥቁርና ነጭ አትሙ። ከማተማችሁ በፊት ግን አንብቡ፤ የአንዳንዱ አማርኛ ይጎረብጣል። ዐረፍተ ነገሩ ካልጣማችሁ በእስክሪብቶ አስተካክሉት። ልጆቹ ሥዕሉን ቀለም ይቀቡታል፤ ጥቁርና ነጭ መሆኑ እንኳን ጠቀመ።

ቤታቸው ኦሮምኛ ወይም ጉራግኛ ወይም ወላይትኛ የሚነገር ልጆች ይኖሯችኋል። በቋንቋቸው መጽሐፍ ካገኛችሁ አምጡ፤ ካላገኛችሁ ተረቱን በቋንቋቸው ያውሩ፣ አንዱ ልጅ ያስተርጉም።

ከሁሉ የተወደዱት መጽሐፎች ግን እኛው የሠራናቸው ናቸው። አሠራሩ ይኸው። አራት ነጭ ወረቀት ደርባችሁ መሐል ለመሐል እጠፉ፤ አሥራ ስድስት ገጽ ሆነ። እጥፋቱን በስቴፕለር ያዙት፣ ስቴፕለር ከሌለ በመርፌና በክር ስፉት። ልጁ ታሪኩን ይንገራችሁ፤ እናንተ እሱ እንዳለው ጻፉ። ቃሉን አታሳምሩለት። «ውሻው ቀወጠው» ካለ «ቀወጠው» ብላችሁ ጻፉ። በአንድ ገጽ አንድ ወይም ሁለት ዐረፍተ ነገር፣ በትልልቁ። የቀረው ቦታ የሥዕሉ ነው። ሽፋኑ ከካርቶን ይቆረጥ፣ ስሙ በትልቁ ይጻፍበት፦ «ደራሲ» ብላችሁ። የራሱን አፍ ቃል ወረቀት ላይ ያየ ልጅ ማንበብ አያቅተውም፤ ምን እንደሚል አስቀድሞ ያውቀዋላ! አያቱን ጠይቆ ተረት ይዞ የመጣ ልጅ ካለ ደግሞ ያ መጽሐፍ ከሌላ የትም አይገኝም።

5. ፊደል ያልለየውን ልጅ ሳያሳፍሩ

አራተኛ ክፍል ደርሶ የማያነብ ልጅ ይመጣል። አይግረማችሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ለክፍላቸው ከተዘጋጀው ምንባብ አንድም ቃል በትክክል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ልጁ ሰነፍ አይደለም።

ብዙዎቹ «ሀ ሁ ሂ ሃ»ን እስከ መጨረሻው ይዘምሩታል፤ ዜማው ነው እንጂ ፊደሉ አይደለም። መሐል ላይ ያለውን «ቤ» ብትጠቁሙት ከ«በ» ተነሥቶ ቆጥሮ ይደርሳል። የኔታዎች ይህን ከጥንት ያውቁታል። አቡጊዳ ያመጡት ለዚህ ነው፦ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲባል ተራው ስለሚፈርስ ዜማ አያድንም፤ ዓይን ነው የሚሠራው። እናንተም ገበታውን ዘርጉና በስንደዶ እየጠቆማችሁ ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ እያዘለላችሁ ጠይቁ። ጨዋታ አድርጉት፤ የጠቋሚው ወንበር ለመለሰው ይለቀቅ።

ሠላሳ ሦስት ፊደል በሰባት፣ 231 ቀለም ነው። ብዙ ይመስላል። ግን ሁሉንም እስኪጨርስ አትጠብቁ። በስሙ ጀምሩ። ስሙን፣ የእናቱን ስም፣ የሚደግፈውን ቡድን ስም፣ የታክሲውን ጽሑፍ፣ የሱቁን ታፔላ። ፊደላችን ደግ ነው፤ የተጻፈው ሁሉ ይነበባል። ቀለሙን የለየ ልጅ በጥቂት ወራት ውስጥ ቀላል መጽሐፍ ይገባዋል።

ማንንም ልጅ «ተነሥና ጮክ ብለህ አንብብ» አትበሉ። ራሱ ካልጠየቀ በቀር። ትልልቆቹና ንባብ የከበዳቸው ልጆች ቀላል መጽሐፍ ማንሣት ያፍራሉ፤ የሕፃን ነዋ። መፍትሔው ሥራ መስጠት ነው። «አንተ ለትንንሾቹ አንብብላቸው፤ ቅዳሜ እስኪደርስ ተለማመድበት» በሉት። አሁን ያ ቀጭን የጦጣ መጽሐፍ የእሱ አይደለም፣ የትንንሾቹ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ደጋግሞ ያነበዋል። በሠራነው ሁሉ ውስጥ እንደዚህ የሠራልን ዘዴ የለም።

6. መጽሐፉ ቤት ይግባ

ቁም ሳጥኑን የከፈትነው በዚህ ነው። በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ አንባቢ አይወጣም፤ መጽሐፉ ከልጁ ጋር ማደር አለበት።

አንድ ደብተር ያዙ። ስም፣ የመጽሐፉ ስም፣ ቀን። በቃ። መጻፍ የሚችል ልጅ ራሱ ይመዝግብ። ሽፋኑን በወፍራም ፕላስቲክ ጠቅልሉት። ክረምት ላይ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ብዙ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ ቦርሳ ይኑረው። በረንዳ ላይ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ከማዳበሪያ ጆንያ በርካሽ ይሠራዋል። ውሃ ቶሎ አያስገባም፣ ግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል፣ አይጥም በቀላሉ አይደርስበትም።

ቅጣት አይኑር። ብር የሚያስቀጣ ቤተ መጻሕፍት ለድሃ ልጅ አይሆንም። አንድ መጽሐፍ የጠፋበት ልጅ ቅጣት ፈርቶ ይቀራል፤ መጽሐፉንም ልጁንም አጣችሁ ማለት ነው። ከአሥሩ ሁለት ሦስቱ በዓመት ይጠፋሉ ብላችሁ ከመጀመሪያው አስቡት። የጠፋበት ልጅ ሌላ ይውሰድ፣ በዚያው ቀን።

አንዷ መጽሐፍ መሐል ገጿ ላይ ክብ የድስት ምልክት ይዛ ተመለሰች። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ቆመች። እናቷ ኋላ ሲነግሩኝ፣ ወጡን ሲያወርዱ ልጃቸው እያነበበችላቸው ነበርና ዓይናቸው መጽሐፉ ላይ ቀረ። ታሪኩ ምን እንደሆነም ነገሩኝ። ያቺ መጽሐፍ ዛሬም አለች፤ ምልክቷን አላጠፋነውም።

ወላጆች መጽሐፉን ቡፌ ውስጥ ወይም ሻንጣ ውስጥ ቆልፈው እንዳያስቀምጡ ንገሯቸው። ከአክብሮት ነው የሚያደርጉት፤ የሰው ንብረት ነውና ይፈራሉ። ስታበድሩ እናትየው ባሉበት አንድ ጊዜ በግልጽ በሉት፦ «እትዬ፣ ቢቀደድም ግድ የለም። እንዲገለጥ ነው የሰጠናት።»

7. ፊደል ያልቆጠሩ እናትና አባት

«እኔ መሃይም ነኝ፣ ምን ልርዳው» የሚሉ ወላጆች አሉ። እርዳታቸው መስማት ነው። ቡና ሲፈላ ልጁ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ አንዲት ገጽ ያንብብ። አቦሉ ላይ ወሬ አለ፤ ቶናው ላይ ቢሆን ይሻላል። ጎረቤት ባለበት ሲሆን ደግሞ ልጁ ይኮራል። እናትየው «እና ከዚያስ?» ካሉ የመምህር ሥራ ሠሩ።

ስንት ሰዓት አስጠናው ብለው ከጠየቋችሁ፣ አሥር ደቂቃ በሏቸው። መብራት ሳይጠፋ፣ ከእራት በፊት። ስልኩንም አትዋጉት። በእናቱ ስልክ ቪዲዮ የሚያይ ልጅ ጠላታችሁ አይደለም፤ ተረት ወዳድ ነው።

8. ረሃብ፣ ዓይን፣ ፎቶ

የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በትምህርት ቀን ልጆችን ያበላሉ። ቅዳሜ ግን ትምህርት የለም። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የመጣ ልጅ ምሳ በልቶ ላይሆን ይችላል። ለሁሉም፣ እኩል፣ ሲገቡ፣ አንድ ዳቦ ወይም እፍኝ ቆሎ ስጡ። መጨረሻ ላይ እንደ ሽልማት አትስጡ፤ ላነበበ ብቻም አትስጡ። «ለዳቦው ነው የሚመጡት» የሚል ሰው ይኖራል። ይምጡ። እኛም ሠርግ የምንሄደው ለሙሽራው ብቻ አይደለም።

መጽሐፉን አፍንጫው ላይ ለጥፎ የሚያይ ወይም ሥዕሉን ከሩቅ የማይለይ ልጅ ካለ ዓይኑ ይታይ። ጤና ጣቢያ ለመውሰድ አንድ ወላጅ አስተባብሩ። ሰነፍ ሲባል የኖረ ልጅ መነጽር ብቻ ሲጎድለው አይቻለሁ።

ፎቶ አንሥታችሁ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። እርዳታ ሊያመጣ ይችላል፣ አውቃለሁ። ልጁ ግን ነገ ስምንተኛ ክፍል ይገባል፤ «የተረጂው ልጅ» ተብሎ መታወቅ አይፈልግም። ለጋሽ ፎቶ ከጠየቀ የተቀደዱትን መጽሐፎች አንሡለት።

9. ረዳት ከራሳቸው

ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል የደረሱትን ቶሎ ሥራ ስጧቸው፦ ደብተሩ፣ ሰሌኑ፣ ማንበቡ። ሁለት ሁለት እየሆኑ በየሳምንቱ ይቀያየሩ። እናንተ ታማችሁ የቀራችሁ ቀን ቤቱ ከተከፈተ ነገሩ በራሱ እግር ቆሟል።

በዓመት አንዴ ከሰፈር ይዛችኋቸው ውጡ። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. ተከፍቷል። ቀደም ብላችሁ ሂዱና ስንት ልጅ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚያስገቡ ተነጋገሩ። ያን ያህል መጽሐፍ በአንድ ላይ ሲያዩ የሚሉትን አድምጡ። የእኛው አንዱ መጀመሪያ የጠየቀው «ማነው የሚቆልፈው?» ብሎ ነው።

10. ጳጉሜ የጥገና ናት

አምስቱን ቀን ለጥገና ተጠቀሙባት። መጽሐፉን ሁሉ ሰብስቡ፤ ልጆቹ ፕላስተር፣ ማጣበቂያ፣ መርፌና ክር ይዘው ይቀመጡ። የተበጠሰውን ገጽ ከጀርባው ለጥፉ። ሽፋኑ የጠፋውን በካርቶን አልብሱና ሽፋኑን ልጆቹ ይሣሉ። ከጥገና ያለፈውን ቆራርጣችሁ ፊደሉን ለጨዋታ፣ ሥዕሉን ለግድግዳ አውሉት።

ከዚያ ሁለት ክምር ሥሩ። በአንድ በኩል አዲስ እንደሆኑ የቀሩት፤ እነሱን ለሌላ ሰፈር ስጡ ወይም ለውጡ፣ የእናንተ ልጆች አልፈለጓቸውም። በሌላ በኩል የተበሉት፣ የቆሸሹት፣ ጀርባቸው የተሰበረው። የእነዚህን ስም ወረቀት ላይ ጻፉ። መስከረም ላይ ብር ስታገኙ አሮጌ መጽሐፍ ሻጩ ጋ ሄዳችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት የእነሱን ሁለተኛ ቅጂ ነው።